የኔትወርክ ወረፋና ስላይስ ስታንዳርድ አወጣጥ፦ ቅርንጫፍ ላላቸው ተቋማት ዝርዝር መመሪያ

«ወረፋ ሠርተናል፣ ስልኩ ግን አሁንም ይቆራረጣል።» ፕሮግራም በሚደረግ ስዊች ላይ ትራፊክን በወረፋ (ፓኬት የሚባሉት የመረጃ እሽጎች ተራ በሚጠብቁበት መደብ) ለመከፋፈል የሚሞክሩ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። ትእዛዝ መጻፍ አቅቷቸው አይደለም። አንዱ ባለሙያ ለድምፅ ወረፋ 1ን ይሰጣል፣ ሌላው ወረፋ 7ን። አንዱ በቢት ይጽፋል፣ ሌላው በኪሎቢት። ወረፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨናነቅ በሌለበት ፖርት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉም የሚከተለው የስታንዳርድ ሰነድ፣ ቀጥሎ ስዊቹ።

በምሳሌነት የምንይዘው ዋና ግቢው ደብረ ብርሃን የሆነ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ለማስረዳት ብቻ የታሰበ ነው። ወደ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ 20 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያስተላልፍ መስመር አለው፤ በሁለቱም ጫፍ ኦፕን ቪስዊች (በሶፍትዌር የተሠራ ስዊች) የሚሠራበት የሊኑክስ ማሽን ተቀምጧል እንበል። በቁጥሮቹ ቦታ የራሳችሁን ተኩ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ ሳይሟሉ አትጀምሩ፦

- የእያንዳንዱ ስዊች ፖርትና ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለይቶ የቆመ ንኡስ ኔትወርክ) ዝርዝር፣ በወረቀት።
- ስዊቹ በአንድ ፖርት ስንት ወረፋ እንደሚይዝ። በብዙዎቹ 8 ነው፤ ያነሰ ያላቸውም አሉ።
- የፍጥነት መለኪያው አይፐርፍ 3 የተጫነባቸው ሁለት ላፕቶፖች፤ አንዱ ዋና ግቢ፣ አንዱ ቅርንጫፍ።
- አሁን ያለው ኮንፊገሬሽን ቅጂ፣ ከስዊቹ ውጭ የተቀመጠ።
- ቅርንጫፉ ላይ የኮንሶል ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው።

የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የምትነኩት የምትገቡበትን መስመር ራሱን ነው። አንድ ዜሮ ቢጎድል መስመሩ ይታነቅና ደብረ ብርሃን ተቀምጣችሁ የምታስተካክሉበት መንገድ አይኖርም፤ መሐል ሜዳ ድረስ መኪና ማስነሳት ሊኖርባችሁ ነው።

## ደረጃ 1፦ ጠባቡን ቦታ ፈልጉ

ወረፋ ጥቅም የሚሰጠው ትራፊኩ በእርግጥ በሚጠራቀምበት ቦታ ነው። የግቢያችሁ ስዊች 1 ጊጋቢት፣ የሚወጣው መስመር 20 ሜጋቢት ከሆነ፣ በግቢው ውስጥ የምታበጁት ወረፋ ሁሉ ባዶውን ይውላል።

1. መስመሩን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ።
2. ዝቅተኛውን ውጤት ያዙ። ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።
3. ከዝቅተኛው 10 በመቶ ቀንሱ። 20 ከለካችሁ የመስመሩ ጣሪያ 18 ሜጋቢት ይሆናል።

ያ 10 በመቶ የሚባክን ይመስላል፤ ግን የምትገዙት ሥልጣን ነው። በ20 ልክ ብትለቁ መጠራቀሙ ወደ አገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ይዛወራል፤ እዚያ ደግሞ የእናንተን ቅደም ተከተል የሚያውቅ የለም።

መስመራችሁ ከጋራ ወደ ጋራ የሚሻገር ሬዲዮ ከሆነ በክረምት ዝናብ ጊዜ እንደገና ለኩ። በተለይ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠሩ ሬዲዮዎች በከባድ ዝናብ ሲዳከሙ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ። በጥር የተለካ ቁጥር በነሐሴ አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ፦ ወረፋ የሚቆጣጠረው የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን አይደለም። ደብረ ሲና ያሉ ተማሪዎች ቪዲዮ ሲያወርዱ ስልኩ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ያለው ደብረ ብርሃን ላይ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው ፖርት ነው። ቅርንጫፉ ላይ ብቻ ወረፋ ሠርቶ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ነው።

## ደረጃ 2፦ ስላይስን ከወረፋ ለዩ

ስላይስ የባለቤት ጉዳይ ነው፦ ይህ የመስመር ድርሻ የማን ነው፣ ሲጨናነቅ ቢያንስ ምን ያህል ይደርሰዋል? ወረፋ የአያያዝ ጉዳይ ነው፦ ይህ ፓኬት ይጠብቅ፣ ይቅደም ወይስ ይጣል?

ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ወረፋ ከሰጣችሁ ወረፋው ወዲያው ያልቅባችኋል። አራት ስላይስ፣ በእያንዳንዱ አራት ዓይነት ትራፊክ፣ 16 ወረፋ ነው፤ ስዊቹ ያለው 8። ስለዚህ ስላይሱን በቪላን ለዩ፣ የትራፊኩን ዓይነት በዲኤስሲፒ ምልክት (ፓኬቱ ራስጌ ላይ የሚጻፍ ቁጥር)። ወረፋው ካነሰ ተመሳሳይ ዓይነቶች አንድ ወረፋ ይጋሩ፤ የእያንዳንዱ ስላይስ ድርሻ ግን ወደ ወረፋው ከመግባቱ በፊት በመግቢያው ላይ ይለካ።

ለምሳሌያችን ሁለት ስላይስ ይበቃል፦ አስተዳደርና ትምህርት። «ለዲኑም አንድ ይሁን» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አትቀበሉ። ዲኑ የሚያስፈልጋቸው ስልክና የፋይናንስ ሲስተም ነው፤ ሁለቱም አስተዳደር ውስጥ አሉ።

## ደረጃ 3፦ ሰንጠረዡን ጻፉ

የስታንዳርዱ ልብ ይህ ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ዋስትና ሲጨናነቅ ቢያንስ የሚደርሰው ነው፤ ጣሪያ ከዚያ የማያልፈው፤ ቅድሚያ ትርፉን የመውሰድ ተራ፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። የመስመሩ ጣሪያ 18,000,000 ቢት በሰከንድ ሆኖ እንዲህ ይሞላል፦

- ወረፋ 7፣ የኔትወርክ ቁጥጥር፦ ዲኤስሲፒ 48፣ ዋስትና 500,000፣ ቅድሚያ 0
- ወረፋ 6፣ አስተዳደር/ድምፅ፦ ዲኤስሲፒ 46፣ ዋስትና 2,000,000፣ ጣሪያውም 2,000,000፣ ቅድሚያ 1
- ወረፋ 5፣ አስተዳደር/ሬጅስትራርና ፋይናንስ፦ ዲኤስሲፒ 18፣ ዋስትና 6,500,000፣ ቅድሚያ 2
- ወረፋ 4፣ ትምህርት/ፈተና፦ ዲኤስሲፒ 26፣ ዋስትና 4,000,000፣ ቅድሚያ 2
- ወረፋ 3፣ ባዶ፣ ለወደፊት
- ወረፋ 2፣ አስተዳደር/ባክአፕ፦ ዲኤስሲፒ 10፣ ዋስትና 1,000,000፣ ቅድሚያ 5
- ወረፋ 1፣ ትምህርት/የሶፍትዌር ማዘመኛ፦ ዲኤስሲፒ 1፣ ዋስትና 500,000፣ ቅድሚያ 6
- ወረፋ 0፣ ትምህርት/ጠቅላላ፦ ዲኤስሲፒ 0፣ ዋስትና 3,500,000፣ ቅድሚያ 3

ጣሪያ ያልተጻፈለት ሁሉ መስመሩ ባዶ ሲሆን እስከ 18,000,000 መበደር ይችላል። ዋስትናዎቹን ደምሩ፦ አስተዳደር 9,500,000፣ ትምህርት 8,000,000፣ ቁጥጥር 500,000፤ ልክ 18,000,000። ከዚህ አንድ ቢት እንኳ መብለጥ የለበትም። የሊኑክሱ የፍጥነት ማከፋፈያ፣ ኤችቲቢ፣ ልጆቹ (ወረፋዎቹ) ከወላጁ (ከመስመሩ ጣሪያ) በላይ ዋስትና ቢሰጣቸው አይከለክልም፤ ዝም ብሎ ለሁሉም ይሰጣል። ያኔ ከ18 በላይ ይወጣና መጠራቀሙ ተመልሶ ከእጃችሁ ይወጣል።

ወረፋ 0 ለጠቅላላው የተሰጠበት ምክንያት አለ፤ ማንም ያልመራው ፓኬት የሚወድቀው እዚያ ነው።

### የድምፁ ሒሳብ

በጂ.711 (የድምፅ ኮድ ዓይነት ነው) አንድ ጥሪ በኢተርኔት ላይ በአንድ አቅጣጫ 87.2 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፣ ፓኬቱ በየ20 ሚሊሰከንድ ሲላክ። 22 ጥሪ 1,918 ኪሎቢት ነው፤ ይገባል። 23ኛው ሲጨመር 2,005 ይደርሳል። ያኔ የሚጎዳው 23ኛው ደዋይ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም አንድ ወረፋ ስለሚጋሩ 23ቱም ይቆራረጣሉ። ስለዚህ የስልክ ማዞሪያው ከ22 በላይ ጥሪ በዚህ መስመር እንዳያሳልፍ አድርጉና ሰነዱ ላይ ጻፉት። ወረፋ ይህን ሊያድንላችሁ አይችልም።

### የአሃድ ሕግ

ያው 2 ሜጋቢት በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ይጻፋል፦

- በኦፕን ቪስዊች ወረፋ በቢት፦ 2,000,000
- በኦፕንፍሎው (ስዊችን ከውጭ የማዘዣ ፕሮቶኮል) ሜትር በኪሎቢት፦ 2,000
- በፒ4 (የስዊች ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ራንታይም ባይት በሚቆጥር ሜትር በባይት፦ 250,000

ሰነዱ ላይ ሁልጊዜ ቢት በሰከንድ ብቻ ይጻፍ፤ ልወጣው ከጎኑ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። ወረፋው ላይ 2,000 የጻፈ ሰው የጻፈው 2 ኪሎቢት ነው፤ ድምፁን አንቆታል።

### የቅድሚያ አቅጣጫ

በቪላን የቅድሚያ ምልክት 7 ከሁሉ ይቀድማል። በኤችቲቢ 0 ነው የሚቀድመው። ስለዚህ የወረፋው ቁጥር ስም ብቻ ነው ብላችሁ ጻፉ፤ ቅድሚያው የራሱ ዓምድ ይኑረው። ኦፕን ቪስዊች ላይ ቅድሚያ ሳትጽፉ ከቀራችሁ 0 ተብሎ ይወሰዳል፤ ባክአፑ የተረሳ እንደሆነ ትርፍ ባንድዊድዝ የሚቀድመው ባክአፕ ይሆናል ማለት ነው።

### የሰዓት ሕግ

መሐል ሜዳ ያለችው ባለሙያ ደውላ «ጋሼ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስልኩ እየተቆራረጠ ነው» ብትላችሁ፣ በስዊቹ መዝገብ የምትፈልጉት 9:00ን ነው፤ ስዊቹ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተስተካከለ ደግሞ 6:00ን። ሁሉም ስዊች በአንድ የሰዓት ቀጣና ይሁን፤ የብልሽት መዝገቡ ሁለቱንም ሰዓት ይያዝ።

### የግዴታው ቋንቋ

በሦስት ቃል ተወሰኑ፦ «የግድ»፣ «ይመከራል»፣ «ይፈቀዳል»። «የግድ» የተባለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ መፈተኛ ይኑረው። መፈተኛ ካጣችሁለት ወደ «ይመከራል» አውርዱት።

## ደረጃ 4፦ ምልክቱን በር ላይ አስተካክሉ

ዲኤስሲፒ 6 ቢት ነው፤ ማንም ላፕቶፕ 46 ብሎ ራሱን ሊያስቀድም ይችላል። እምነት በቪላን ይሰጥ፦ 46 የሚታመነው ከስልክ ቪላን ሲመጣ ብቻ ነው። ከተማሪ ቪላን የመጣ 46 ወደ 0 ይቀየር፤ ከፈተና ሰርቨር አድራሻ ወይም ወደዚያ የሚሄደው ደግሞ 26 ምልክት ይደረግበት።

በቅርንጫፎቹ መካከል ቪፒኤን ካለ ተጠንቀቁ። ፓኬቱ ከተመሰጠረ በኋላ ውስጡ አይታይም። ምልክቱ ወደ ውጭው ራስጌ እንዲገለበጥ አድርጉ ወይም ምደባው ከምስጠራው በፊት ይሁን።

## ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ፍጠሩ፣ ከዚያ ምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኦፕንፍሎው ወረፋ አይፈጥርም፤ ወደ ወረፋ ይመራል እንጂ። ፒ4ም እንዲሁ ነው፦ ፕሮግራሙ የወረፋ ቁጥር ፓኬቱ ላይ ይጽፋል፤ ወረፋውንና የአወጣጥ ስልቱን የያዘው ከፕሮግራሙ ውጭ ያለው የስዊቹ የትራፊክ ማኔጀር ነው። ተራ አስከባሪ «እዚያኛው ሚኒባስ ላይ ግቡ» ይላል፤ ሚኒባሱ ከሌለ ግን ጥሪው ጩኸት ብቻ ነው።

1. በፖርቱ ላይ አጠቃላይ ጣሪያውን 18,000,000 አስቀምጡ።
2. ሰባቱንም ወረፋዎች በሰንጠረዡ መሠረት ፍጠሩ፤ ወረፋ 0ን ጨምሮ። ካልጻፋችሁለት ኦፕን ቪስዊች በባዶ መለኪያ ራሱ ይፈጥረዋል፤ ቅድሚያውም 0 ይሆናል።
3. የተፈጠሩትን አንብባችሁ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሁለት ሰው ያድርገው፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ምልክት ያድርግ።
4. አሁን የፍሎው ሕጎቹን (የትኛው ፓኬት ወደ የትኛው ወረፋ እንደሚሄድ የሚያዝዙትን) ጫኑ። ወረፋ የመምረጡ እርምጃ ከማስወጣቱ እርምጃ በፊት ይምጣ። ከተገለበጠ ፓኬቱ ወረፋ ሳይመረጥለት ይወጣል።
5. ከድምፅ ጀምሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ።

ወደሌለ ወረፋ የተመራ ፓኬት ሊኑክስ ላይ ስህተት አያሳይም፤ ዝም ብሎ ወረፋ 0 ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ስህተት አላየሁም» ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው የወረፋው ቆጣሪ ነው።

አንድ ገደብም እወቁ። ኦፕን ቪስዊች ራሱ የሚሠራው ኤችቲቢ ባለ አንድ እርከን ነው። ሰባቱም ወረፋ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ስላይስ የሚባል ወላጅ የላቸውም። ሬጅስትራር ያልተጠቀመበት ትርፍ መጀመሪያ ለአስተዳደር ባክአፕ አይመለስም፤ በቅድሚያ ቁጥር ለሚቀድመው ይሄዳል፣ ተማሪም ይሁን። ለብዙ ተቋም ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም እኔ ብሆን የምመርጠው ይህን ነው። «ትርፉ ከስላይሳችን እንዳይወጣ» ከተባለ ግን ሁለት እርከን ያለውን ኤችቲቢ በሊኑክሱ የትራፊክ መቆጣጠሪያ በእጅ ሥሩና ኦፕን ቪስዊች ያንን ፖርት እንዳይነካው አድርጉ።

ፒ4 መለማመድ ከፈለጋችሁ ቢኤምቪ2 የተባለው የሶፍትዌር ስዊች በላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የቅድሚያ ወረፋው ግን ካልተከፈተ አይሠራም፣ ፍጥነትም አይለካበትም፤ ለሎጂክ መፈተኛ ብቻ ተጠቀሙበት። ሰነዱንም በአንድ ቺፕ ስም አትጻፉ። ኢንቴል በ2023 ቶፊኖ የተባለውን የፒ4 ስዊች ቺፕ ቀጣይ ልማት ሲያቆም፣ ሥራቸውን በዚያ ቺፕ ልዩ መስኮች ላይ የመሠረቱ ሰዎች መውጫ መፈለግ ነበረባቸው።

## ደረጃ 6፦ ርዝመቱን ወስኑ

ረጅም ወረፋ ደግ ይመስላል፤ ፓኬት አይጥልምና። ሒሳቡን ተመልከቱ። ኤችቲቢ ካልነገራችሁት ከሥሩ የሚይዘው ተራ ወረፋ በተለመደው አቀማመጥ 1000 ፓኬት ነው። 1000 ፓኬት በ1500 ባይት 12,000,000 ቢት ነው። ጠቅላላው ወረፋ በ3,500,000 ሲያወጣ የመጨረሻው ፓኬት 3.4 ሰከንድ ይጠብቃል። ተማሪው «ኔት የለም» የሚለው ይህን ነው።

- ለድምፅ፦ 30 ፓኬት። በ2,000,000 ሲወጣ 26 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ለድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከሚመከረው 150 ሚሊሰከንድ ውስጥ ብዙ ይተርፋል።
- ለጠቅላላ፣ ለሬጅስትራርና ለፈተና፦ ኤፍኪው ኮደል (ጥበቃ ሲረዝም ፓኬት የሚጥል የወረፋ ስልት) ከሥሩ ትከሉ። መነሻ ዒላማው፣ ማለትም የሚታገሠው ጥበቃ፣ 5 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይበቃል።
- ለማዘመኛና ለባክአፕ፦ ኤፍኪው ኮደል ሆኖ ዒላማው ከፍ ይበል። በ500,000 አንድ ሙሉ ፓኬት ብቻውን 24 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ዒላማውን 5 ላይ ከተዋችሁት ያለ ጥፋቱ ይጥላል።

## ደረጃ 7፦ አጨናንቃችሁ ፈትኑ

ባዶ መስመር ላይ ሁሉም ወረፋ ጎበዝ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ አድርጉት፤ ለቅርንጫፉ አስቀድማችሁ ንገሩ።

1. ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በዲኤስሲፒ 0 የ25 ሜጋቢት ዩዲፒ (መስመሩ ቢጨናነቅም ራሱ የማይቀንስ ትራፊክ) ልቀቁ። መስመሩ ይሞላል።
2. ያንን ሳታቆሙ ከስልክ ቪላን በዲኤስሲፒ 46 ትንንሽ ፓኬቶች፣ በ1.5 ሜጋቢት ልቀቁ። የሚጠፋው ፓኬት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት።
3. የድምፁን ወደ 3 ሜጋቢት ከፍ አድርጉ። አሁን መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ጣሪያው አልሠራም፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።
4. በዲኤስሲፒ 18 ሦስተኛ ፍሰት ጨምሩ። ቢያንስ 6.5 ሜጋቢት ማግኘት አለበት።
5. የእያንዳንዱን ወረፋ ቆጣሪ መዝግቡ።
6. ሁሉንም በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒንግና አንዳንድ የአይፐርፍ አማራጮች የሚጠይቁት ዲኤስሲፒውን ሳይሆን እሱ የሚቀመጥበትን ሙሉ ባይት ነው። ቁጥሩን በ4 አባዙ፦ 46 ሲሆን 184፣ 18 ሲሆን 72። 46ን ራሱን የጻፈ ሰው የላከው ዲኤስሲፒ 11 ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ የለም፣ ወረፋ 0 ይገባል፣ ከዚያ «ስታንዳርዱ አልሠራም» ይባላል።

## ደረጃ 8፦ መብራት አጥፍታችሁ ፈትኑ

ይህን ደረጃ መዝለል አይቻልም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚቀር ስሙ፦ ኦፕን ቪስዊች ወረፋዎቹን በራሱ ዳታቤዝ ስለሚይዝ ይመለሳሉ። ወደ ወረፋዎቹ የሚመሩት የፍሎው ሕጎች ግን አይመለሱም፤ ኮንትሮለር (ስዊቹን ከውጭ የሚያዝዘው ፕሮግራም) ወይም የማስነሻ ስክሪፕት እንደገና ካልጫናቸው በስተቀር። በእጅ የተሠራው የሊኑክስ ኤችቲቢም ይጠፋል። በፒ4 ስዊችም ኮንትሮለሩ ያስገባው የሰንጠረዥ መዝገብ ከማስነሳት በኋላ ተመልሶ መግባት አለበት።

ክፋቱ፣ ነገሩ አለመታየቱ ነው። ኮንትሮለር ያጣ ኦፕን ቪስዊች በተለመደው አቀማመጥ እንደ ተራ ስዊች መሥራት ይጀምራል። ፒንግ ይመልሳል፣ ኢሜይል ይሄዳል፣ ሁሉም ወረፋ 0 ውስጥ ነው። ጥብቅ የሚባለው አቀማመጥ ደግሞ ኮንትሮለሩ እስኪመለስ አዲስ ነገር አያሳልፍም። ለቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ ግን በሥራ ሰዓት የወረፋ 6 ቆጣሪ ለ30 ደቂቃ ካልጨመረ መልእክት የሚልክ ስክሪፕት ጨምሩበት።

አፈታተኑ፦ ሶኬቱን ንቀሉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ሰኩ፣ ማንም ምንም ሳይነካ የደረጃ 7ን ተራ ቁጥር 1 እና 2 ድገሙ።

## ሲበላሽ

ሁሉም ቆጣሪ ዜሮ፣ ወረፋ 0 ብቻ ይጨምራል። ፍሎው ሕጎቹ የሉም ወይም ምልክቱ መንገድ ላይ ተፍቋል። በሚወጣው ፖርት ላይ ፓኬቶቹን በቲሲፒደምፕ (ፓኬት መያዣ መሣሪያ) ያዙና ምልክቱን እዩ። ምልክቱ ካለ ጥፋቱ ፍሎው ላይ ነው፤ ከሌለ ወደ ደረጃ 4።

የወረፋ 6 ቆጣሪ ይጨምራል፣ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። የጥሪውን ብዛት ቁጠሩ። ከ22 በታች ከሆነ መስመሩን እንደገና ለኩ፤ ከ18 በታች ወርዶ ይሆናል። ያኔ ለጊዜው የመስመሩን ጣሪያ አውርዱ፣ ዋስትናዎቹንም በዚያው ልክ ቀንሱ፤ የድምፁን ብቻ አትንኩ።

ቅርንጫፉ ሲልክ ደህና፣ ሲቀበል መጥፎ። በደብረ ብርሃን በኩል ያለው ፖርት ላይ ወረፋ አልተሠራም።

ከለውጥ በኋላ አሮጌው ቁጥር ይታያል። የወረፋውን ስብስብ ከፖርቱ ማላቀቅ መዝገቡን ከዳታቤዙ አያጠፋም። አሮጌዎቹን ለይታችሁ አጥፉ፤ ስታጠፉ ግን የሌላ ቅርንጫፍ ፖርት አለመጠቀሙን አረጋግጡ። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ የሚጠርገውን መንገድ በሥራ ሰዓት አትሞክሩት።

ባክአፑ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ አልጨረሰም። ይህ ብልሽት ላይሆን ይችላል። መስመሩ ሌሊት ባዶ ከሆነ እስከ 18 ሜጋቢት መበደር ነበረበት፤ ካልተበደረ ጣሪያው ላይ 1,000,000 ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ተበድሮም ካልበቃው መጠኑ በዝቷል ማለት ነውና ወረፋውን ትታችሁ የባክአፑን መርሐ ግብር ከፋፍሉ፤ ሸዋ ሮቢት ማክሰኞ፣ መሐል ሜዳ ረቡዕ።